ጥማድ

«እገሌ ጠምዶ ይዞኛል» የሚል ሮሮ ያልሰማ የመሥሪያ ቤት ሰው ያለ አይመስለኝም። አለቃ ሠራተኛውን ይጠምዳል። ወታደር መትረየስ ይጠምዳል። ሥራ የበዛበት ሰው «ተጠምጃለሁ» ብሎ ቀጠሮ ይሰርዛል። ይህን ሁሉ ስንናገር ሞፈርና ቀንበር ትዝ የሚለን ስንቶቻችን ነን? የቃሉ ሥር ግን እዚያው እርሻው ላይ ነው፤ ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ማሰር።

ቃሉ ዕድሜ ጠገብ ነው። ግእዙ «ፀመደ» ይላል። የጥንቶቹ አካዳውያን በሸክላ ጽላት ላይ «ጸማዱ» ብለው ጽፈውታል። ዐረብኛ ቁስል በጨርቅ ማሰርን የሚጠራው በዚሁ ሥር ነው። በዕብራይስጥ «ጼሜድ» ጥንድ በሬ ነው፤ ደግሞም እንደ እኛው የመሬት ልክ ነው። ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 5 የወይኑን ቦታ የሚለካው በእሱ ነው። የግብፆቹ «ፈዳንም» መጀመሪያ ጥንድ በሬ ማለት ነበር።

እኔን የሚደንቀኝ ልኩ ነው። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። በግምት ሩብ ሄክታር ይባላል እንጂ ዳገቱና ጭንጫው ላይ ያንሳል፤ ልሙ ሜዳ ላይ ይሰፋል። በምኒልክ ዘመን የደቡቡ መሬት የተለካበት ቀላድ ግን ገመድ ነው። ቀላድ ግብር ሰብሳቢው የሚለካበት ነው፤ ጥማድ ደግሞ አራሹ በላቡ የሚለካበት።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ፈቀደ። ጭሰኛው መሬት አገኘ፤ እሰየው ነው። በሬ ግን በአዋጅ አይታደልም። አንድ በሬ ያለው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገባ። ምንም የሌለው መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ሰጥቶ የምርቱን ግማሽ እያየ ኖረ። በ1977ቱ ረሃብ በሬው ሲያልቅና ሲሸጥ፣ ዝናቡ ተመልሶም የሚጠመድ ያጣው ገበሬ ብዙ ነበር።

ዛሬ የይዞታ ደብተሩ በሄክታር ይጻፋል። ሄክታር ስፋቱን በትክክል ይነግረናል። ባለመሬቱ የሚጠምደው ይኑረው አይኑረው ግን አይነግረንም። ስለዚህ ስለ ገበሬ ድህነት ሲወራ «መሬት አለው ወይ?» ብለን አንቁም። «ጥማድስ አለው?» እንበል።