ተቀብሮ የሚቀረው ክራንቻና የሕክምናው ታሪክ

የላይኛው መንጋጋ ቋሚ ክራንቻ መነሻው ከአፍንጫ ወለል አጠገብ ሲሆን፣ ድድን ሰንጥቆ ብቅ የሚለው ልጁ 11 ወይም 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። መንገዱ ረጅም በመሆኑ ከመቶ ሰዎች በሁለቱ ያህል ላይ አቅጣጫውን ስቶ በአጥንት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። የከፋው ጉዳቱ የአጎራባቹን ጥርስ ሥር እየበላ መጨረሱ ነው።

ራጅ ከመገኘቱ በፊት ሐኪሙ የሚያየው ባዶውን ቦታ ብቻ ነበር። ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ራጅን ካገኘ በኋላ፣ ጀርመናዊው የጥርስ ሐኪም ኦቶ ቫልክሆፍ በ1896 መጀመሪያ የገዛ ጥርሶቹን ሲያነሳ 25 ደቂቃ ያህል ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። የተቀበረውን ጥርስ ማየት ተቻለ፤ ስቦ ማውረዱ ግን አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ። ሐኪሞች በጥርሱ አንገት ዙሪያ ሽቦ ለማሰር ብዙ አጥንት መፈልፈል ነበረባቸው፤ ይህም ጥርሱን ራሱን ይጎዳ ነበር። በ1955 ማይክል ቦኖኮር የተባለው አሜሪካዊ ኢናሜል በፎስፎሪክ አሲድ ሲታጠብ ማጣበቂያ አጥብቆ እንደሚይዝ አሳየ። እርሱ ያሰበው ስለ ጥርስ መሙያ ነበር፤ ሆኖም በግኝቱ ምክንያት ከጊዜ በኋላ ትንሽ መያዣ በጥርሱ ላይ አጣብቆ በቀስታ መሳብ ተቻለ።

ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ግን ይህን ሁሉ መሣሪያ የማይጠይቀው ሕክምና ነው። ኤሪክሰንና ኩሮል የተባሉ የስዊድን ሐኪሞች ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 13 የሆነ ልጆችን የወተት ክራንቻ ብቻ ነቅለው ወደ ላንቃ ያዘነበሉትን 46 ቋሚ ክራንቻዎች ተከታተሉ። በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ መሠረት 36ቱ ወደ ትክክለኛ መንገዳቸው ተመለሱ። ጥናቱ ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረው ውጤቱን እንዳለ መቀበል አይገባም። በ2015 የወጣ፣ በዕጣ የተደለደለ የስዊድን ጥናት የወተት ክራንቻው ከተነቀለበት ወገን 69 ከመቶ፣ ካልተነቀለበት ደግሞ 39 ከመቶ ያህል እንደበቀለ አሳይቷል። ጥቅሙ ከተባለው ቢያንስም እውነተኛ ነው።

በኢትዮጵያ ይኸው የወተት ክራንቻ ሌላ ታሪክ አለው። ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል በሚል እምነት ገና ድድ ውስጥ ሳለ፣ በጨቅላነት፣ ንጽሕና በጎደለው መሣሪያ ሲነቀል ኖሯል። ድርጊቱ አጠገቡ ያለውን የቋሚ ጥርስ ቡቃያ ሊያበላሽ ወይም ከቦታው ሊያዛባ ይችላል። ስለሆነም የ10 ዓመት ልጅን ድድ በጣቱ ዳስሶ የክራንቻውን እብጠት በአንድ ወገን ያጣ ሐኪም፣ ራጅ ከማዘዙ አስቀድሞ የልጁ የወተት ጥርስ በሕፃንነቱ ተነቅሎ እንደሆነ ወላጆቹን መጠየቅ ይኖርበታል።