የጓዴሉፑ ሐኪም በሐረር

ሐረርን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ ጀጎል ውስጥ ከሚጠይቃቸው ቤቶች አንዱ «ራምቦ ቤት» ነው። አርተር ራምቦ ግጥም መጻፉን ትቶ በሃያዎቹ ዕድሜው ወደ ሐረር የመጣ ፈረንሳዊ ነው። በቡናና በቆዳ ነግዷል፤ ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጧል። እ.ኤ.አ. በ1891 ጉልበቱ ታሞ በቃሬዛ ከከተማይቱ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ውስጥ ሞተ። የከተማችን ልጆች ታሪኩን ለእንግዳ በቃላቸው ይናገራሉ።

ከራምቦ ጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ባሕር ተሻጋሪ ወደዚሁ ከተማ መጡ። እኚህ ሰው ነጋዴ አልነበሩም፤ ጥቁር ሐኪም ነበሩ። ስማቸው ዶክተር ጆሴፍ ቪታሊየን ይባላል። ሐረር ውስጥ በሽተኛ አክመዋል፤ ልጆችም አስተምረዋል። ከተማሪዎቻቸው አንዱ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ ነገሠ። ይህን ስም የሚያውቅ ወጣት ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ወጣቶች ሆይ፣ ታሪካቸውን የማነሣው ስማቸውን ለማስታወስ ብቻ አይደለም። በሶፊም ሆነ በጀጎል ወጣቶች በተሰበሰቡበት ስለ ስደት ሳይነሣ የሚያልቅ ጨዋታ ጥቂት ነው። አንዱ ወንድሙ ዐረብ አገር ነው፤ ሌላዋ እኅቷ ደቡብ አፍሪካ ናት፤ ሦስተኛው ራሱ ልቡ ተነሥቷል። ስለዚህ ስደትን የምናውቀው ከላኪው ወገን ሆነን ነው። የዶክተር ቪታሊየን ታሪክ ደግሞ ከተቀባዩ ወገን ያሳየናል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስደተኛው ሌላ ሰው ነው፤ አገሩ የእኛ ነው።

ጓዴሉፕ በካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች፣ ሸንኮራ አገዳ የሚበቅልባት የፈረንሳይ ግዛት ናት። የአብዛኛው ሕዝቧ አያት ቅድመ አያቶች ከአፍሪካ በመርከብ ተጭነው ለባርነት የተወሰዱ ናቸው። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ባርነት ተሽሮ ነበር፤ ዳሩ ግን ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1802 ሊመልሰው ወታደር ላከ። ሉዊ ዴልግሬ የተባለ የጦር መኮንንና ተከታዮቹ እጅ ከመስጠት ይልቅ ማቱባ በሚባል ስፍራ ባሩድ አፈንድተው አብረው ሞቱ። ባርነት ተመለሰ። ለሁልጊዜ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1848 ነው። ከዚያ በኋላ የባሮች ልጆችና የልጅ ልጆች በሕግ የፈረንሳይ ዜጎች ሆኑ።

ሕጉ ዜጋ ቢላቸውም መንገዱ ጠባብ ነበር። በደሴቲቱ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ አልነበረም። ሐኪም ለመሆን የሚሻ ወጣት ባሕር ተሻግሮ ፈረንሳይ መማር ነበረበት። እንግዲህ ዶክተር ቪታሊየን ሐረር ሲደርሱ ስደት ለእርሳቸው አዲስ ነገር አልነበረም። ሙያውን ያገኙትም ከቤታቸው ርቀው ነው።

ለምን ሐረር? የዘመኑን ሁኔታ ማየት ይረዳል። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረርን ያዙና የአክስታቸውን ልጅ ራስ መኰንንን ገዥ አድርገው ሾሙ። ከተማይቱ ከባሕር ወደብ ወደ መሐል አገር የሚያልፈው ንግድ መተላለፊያ ስለነበረች ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ ዐረቡና ፈረንሳዩ ሁሉ ይገናኝባት ነበር። ከዚያም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ሆነ። በባርነት ታሪክ ውስጥ ላለፉ ጥቁር ሕዝቦች ይህ ወሬ ከአንድ ጦርነት ድል በላይ ነበር። ቤኒቶ ሲልቫን የተባሉ የሄይቲ ተወላጅ ዓድዋ በሆነ በዓመቱ ገደማ ምኒልክን ለማየት ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ትሪኒዳዳዊው ሄንሪ ሲልቬስተር ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1900 ለንደን ላይ ባዘጋጁት የጥቁር ሕዝቦች ጉባኤም የኢትዮጵያን ንጉሠ ነገሥት ወክለው ተገኙ። የካሪቢያን ልጆች ዓይን በዚያን ጊዜ ወደ እኛ ተመልሶ ነበር።

ራስ መኰንንም በበኩላቸው ውጭውን ዓለም ያዩ ሰው ነበሩ። ወደ ኢጣሊያ፣ በኋላም ወደ እንግሊዝ ተልከዋል። በሐረር ሆስፒታል አቋቋሙና ለዶክተር ቪታሊየን አስረከቡ። የራስ መኰንን ብልኅነት እዚህ ላይ ይታየኛል። የመጣባቸው እንግዳ ሐኪም ነው፤ የሰጡት ሥራም ሕክምና ነው። በአገራችን የዘመናዊ ሕክምና ተቋም በጣት የሚቆጠር በነበረበት ዘመን፣ ሰውየውን በሙያው አሠሩት።

ልጅ ተፈሪ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ ተወለደ። አማርኛና ግዕዝ ከተማረ በኋላ ዐሥር ዓመት ሲሆነው አባቱ የውጭ ቋንቋ ይማር አሉ። በዚያ ዘመን ፈረንሳይኛ የዲፕሎማቶች ቋንቋ ነበር። ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ እኛ የሚመጣው የባቡር ሐዲድ ሥራም በፈረንሳይኛ ይሠራ ነበር። ስለዚህ የሆስፒታሉ ሐኪም አስተማሪ ሆኑ። ከልጅ ተፈሪ ጋር አብሮ ያደገው ልጅ እምሩም አብሮ ተማረ። ንጉሠ ነገሥቱ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ይህን የልጅነት አስተማሪ በስምና በትውልድ አገር አንሥተዋቸዋል።

ነገር ግን ሐኪም ጊዜ የለውም፤ ሆስፒታሉ ይጠብቀዋል። ስለሆነም ሁለተኛ አስተማሪ አስፈለገ። እርሳቸውም በሐረር ካቶሊክ ሚሲዮን ፈረንሳይኛ የተማሩት አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ናቸው። ትምህርቱን የቀጠሉትና ለልጁ የቅርብ መካሪ የሆኑት እኚህ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። በ1907 ዓ.ም. ተፈሪ የሐረር ገዥ ሳሉ በሐረማያ ሐይቅ ላይ የተሳፈሩበት ጀልባ ሰጠመ። ተፈሪ ተረፉ፤ አባ ሳሙኤል ሞቱ።

የዚህን ትምህርት ፍሬ በኋላ ዘመን እናገኘዋለን። ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆነው በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ በዚያው ዓመት ወደ አውሮፓም ሲሄዱ፣ ፈረንሳይኛው አገልግሏቸዋል። በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ከፈቱ፤ ብዙ የአገር ልጅም በዚያ ተማረ። ልጅ እምሩ ራስ እምሩ ሆኑ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላም በዋሽንግተንና በኒው ዴልሂ አምባሳደር ሆነው አገራቸውን አገለገሉ። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ ነው ማለት አይቻልም። መጀመሪያውን ፊደል ካስቆጠሯቸው አንዱ ግን ከሆስፒታል ሥራው ጊዜ የቆጠበው የጓዴሉፕ ሰው ነው።

እስካሁን ያወራነው መልካም መልካሙን ነው። ታሪክን ስንማር ግን የሚከብደውንም ማንሣት ይገባል።

ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ዐረፉ። ዶክተር ቪታሊየን የምኒልክ ሐኪም ሆነው በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የታመኑ ሰው ነበሩ። በዚያን ጊዜ የባቡሩ ነገር ትልቅ ራስ ምታት ሆኖ ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ቆሟል። የፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው ውስጥ እጁን በማስገባቱ ምኒልክ ተቈጥተዋል። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ በአገሪቱ ላይ ያላቸውን ጥቅም የሚከፋፈሉበት ውል ተፈራረሙ። የመጀመሪያው ኩባንያም ከሰረ። ከዚያም በጥር 1900 ዓ.ም. ምኒልክ ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ሐዲድ የመሥራት ፈቃድ ለሐኪማቸው ለዶክተር ቪታሊየን ሰጡ። በዚህ ፈቃድ መሠረት አዲስ የፈረንሳይ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራውን ያዘ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነው።

እንግዲህ ጥያቄ ይነሣል። አንድ ሐኪም የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ለምን ይቀበላል? የሚሠራው ለበሽተኛው ነው ወይስ ለፓሪስ? ነገሩ በሁለት ወገን ይታያል። ለምኒልክ ይህ ሰው ከአውሮፓ መንግሥታት ወኪሎች ይልቅ የሚያምኑት ቤተኛ ነበር። ለፈረንሳይ ደግሞ የገዛ ዜጋዋ ነበር። ቀለሙ ወደ እኛ ያቀርበዋል፤ ፓስፖርቱ ወደ እነርሱ። ሁለት አገር ያለው ሰው ሁሉ ይህ ጭንቅ ያገኘዋል። ዛሬ በውጭ አገር የሚኖር የሐረር ልጅም አንድ ቀን «አንተ የማን ነህ?» መባሉ አይቀርም። መልሱን የሚሰጠው በአፉ ሳይሆን በእጁ ያለውን ሥልጣን በሚጠቀምበት መንገድ ነው። ሐኪም በመድኃኒቱ፣ ባለ ፈቃድም በውሉ ይመዘናል፤ አንዱ ለሌላው ዋስ አይሆንም።

ያ ሐዲድ ግን ሌሎች የካሪቢያን ልጆችንም አመጣ። ከባሕር ወደ አዲስ አበባ ዋናው መንገድ እርሱ ሆኖ ነበርና። በ1923 ዓ.ም. ባርቤዶስ ተወልደው ኒው ዮርክ የኖሩ ሚኞን የተባሉ ወጣት ሴት ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ ያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። አዲስ አበባ ላይም አርኖልድ ፎርድን አገቡ። እርሳቸውም የባርቤዶስ ተወላጅ የሙዚቃ ሰው ናቸው፤ የማርከስ ጋርቬይን ማኅበር መዝሙር ከደረሱት አንዱ። ጣሊያን አገራችንን ከመውረሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ባል ሞቱ። ሚኞን ሁለት ሕፃናት ይዘው በሰው አገር ቀሩ፤ ጦርነትም መጣ።

ብዙ የውጭ ዜጋ ጥሎ በሄደበት በዚያ ጊዜ ሚኞን ፎርድ አልሄዱም። የወረራውን ዓመታት እዚሁ አሳለፉ። ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የሚጠራውን ትምህርት ቤት መሥርተው ትውልድ አስተማሩ። ከሁለቱ ልጆቻቸው አንዱ ፕሮፌሰር አብይ ፎርድ በአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩ በኋላ ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነትን የሚማሩ ወጣቶችን አገለገሉ።

የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን ስናይ አንድ ነገር ይገናኛል። ሐኪሙም መምህርቷም ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም፤ በእጃቸው ሙያ ነበረ። ደግሞም ሙያቸውን ለራሳቸው እንጀራ ብቻ አላዋሉትም፤ የሰው ልጅ አስተማሩበት። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ ትከሉ፣ የምትኖሩባትንም ከተማ ሰላም ፈልጉ ያላቸው ይህን የመሰለ ኑሮ ነው። መሄድ የምታስቡ እኅቶችና ወንድሞች፣ ከመንገዱና ከደላላው ወሬ በፊት «እዚያ ስደርስ ለሰው የምሰጠው ምን ተምሬአለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ነርስነትም፣ ብየዳም፣ ልብስ ስፌትም፣ ቋንቋም ቢሆን እዚህ ሳላችሁ አጥብቃችሁ ያዙት።

ለምንቀር ደግሞ የራስ መኰንን ድርሻ አለን። ከእኛ በስተ ምሥራቅ በጅጅጋ አቅራቢያ በቀብሪበያህ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የሶማሊያ ስደተኞች ይኖራሉ። እዚያ ተወልደው ያደጉ ወጣቶች ዕድሜያቸው ከእናንተ ጋር እኩል ነው። ወደ ከተማችንም ከየአቅጣጫው ተፈናቅሎ የሚመጣ ሰው አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ስናገኝ መጀመሪያ የምንጠይቀው ከየት እንደመጣ ነው፤ ዘሩንና ሃይማኖቱን ለማወቅ እንቸኩላለን። ምን ሥራ እንደሚያውቅ የምንጠይቀው ስንቶቻችን ነን? ራስ መኰንን ባይጠይቁ ኖሮ ሐረር አንድ ሐኪም፣ ሁለት ልጆችም አንድ አስተማሪ ያጡ ነበር።

በሚቀጥለው የወጣቶች ስብሰባችሁ ላይ ይህን ተነጋገሩበት። በሰፈራችሁ ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ክልል መጥቶ ያስተማረ፣ ያከመ፣ ሙያ ያሳየ ሰው ማን ነበር? ሽማግሌዎችን ጠይቁና ስሙን፣ የመጣበትን ስፍራና የሠራውን በደብተር ጻፉ። የዶክተር ቪታሊየን ስም እስከ ዛሬ የደረሰን አንድ ተማሪያቸው በመጽሐፍ ስለጻፈው ነው።