ያወቀ ላላወቀ፦ ከዓሣ አጥማጆች ታሪክ ምን እንማራለን?

ጊጊሪ የእንግዳ ሰፈር ነው። በ1972 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት እዚህ በመሆኑ በየዓመቱ አንዱ ይመጣል፣ ሌላው ይሄዳል። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኛ ኢትዮጵያውያንም በማኅበር የተሰባሰብነው «ለአገሩ እንግዳ ለሰዉ ባዳ» የሆነ ወገን መንገድ የሚያሳየው እንዳያጣ ብለን ነው። ይሁን እንጂ እንጀራ በውድድር በሚገኝበት ከተማ አንድ ጥያቄ ዘወትር ይነሣል። የምናውቀውን ለአዲስ መጪ መንገር ተወዳዳሪ ማብዛት አይሆንም ወይ? በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን መልሱን ከዓሣ አጥማጆች ታሪክ ለመፈለግ ወደድን። ምክንያቱም ጥሩ ቦታ ያገኘ ዓሣ አጥማጅ ቦታውን መደበቅ እንደሚወድ የታወቀ ነው።

ከምንኖርበት አገር እንጀምር። ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ በኬንያ ወንዞች ውስጥ በተፈጥሮ አልነበረም። በ1905 ኢዋርት ግሮጋን የተባለው እንግሊዛዊ ሰፋሪ ከስኮትላንዱ ሎክ ሌቨን ሐይቅ የመጣ ዘር በአበርዴር ተራሮች ውስጥ በሚፈሰው የጉራ ወንዝ እንዲገባ አደረገ። ዓሣው ተራብቶ በመንጠቆ ለሚያጠምዱ ሰዎች መዝናኛ ሆነ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1960ዎቹ ገደማ፣ ከኬንያ የተወሰደ ትራውት ወደ አገራችን ተሻግሮ እንደ ወይብና ዳንካ ባሉት የባሌ ወንዞች ተለቀቀ። ለዚህ ዘሩ ብቻውን አይበቃም። ውኃው ምን ያህል መቀዝቀዝ እንዳለበትና የትኛው ወንዝ እንደሚስማማው የሚያውቅ ሰውም ያስፈልጋል። የኬንያ ወንዞች ለባሌ ስላካፈሉ የጎደለባቸው ነገር የለም።

ውድድሩ የሚጦፈው ግን በማሊንዲና በዋታሙ የባሕር ዳርቻ ነው። እዚያ የሚፈለጉት እንደ ማርሊንና ሴይልፊሽ ያሉ አፈ ሹል ትላልቅ ዓሦች ናቸው። ዋናው ወቅት ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የሚነፍስበት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ነው። ከደቡብ የሚመጣው ኩሲ ሲነሣ ባሕሩ ይናወጣል። ከሩቅ የመጣ ተወዳዳሪ የቱንም ያህል ውድ መንጠቆ ቢይዝ፣ ነፋሱንና ውኃውን ከሚያውቁት የዳርቻው ተወላጅ ጀልበኞች ካልተማረ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል።

በ1990 በኬንያ የተቋቋመው የአፍሪካ ቢልፊሽ ፋውንዴሽን የሚያስፋፋው ልማድም አለ። አጥማጁ በያዘው ዓሣ ላይ ቁጥር ያለው መለያ ይሰካና ከነሕይወቱ ይለቀዋል፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የዓሣውን መጠን መዝግቦ ያስተላልፋል። ያን ዓሣ ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ቢይዘው ምን ያህል እንደተጓዘና እንዳደገ ይታወቃል። በብዙ ውድድሮችም መለያ ተሰክቶበት የተለቀቀ ዓሣ ነጥብ ያስገኛል። ስለዚህ ተወዳዳሪው ለማሸነፍ ሲል ያወቀውን ለሁሉም ያካፍላል፤ ዓሣውንም ለሚቀጥለው ሰው ይተዋል።

ወደ አገራችን ጣና ሐይቅ ስንመለስ ሌላ ታሪክ እናገኛለን። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከደንገል በተሠራ ታንኳ በዳርቻው ሲያጠምድ ኖሯል። በ1986 በውጭ ድርጅት እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። አዳዲስ አጥማጆች ሥራ አገኙ፤ ዓሣውም ለገበያ በረከተ። ይህ መልካም ነበር። ነገር ግን ከ15 የማያንሱት የጣና ላቤኦባርበስ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች እንቁላል ለመጣል ይወጣሉ። መረቡ ዓሣው በሚሰበሰብበት በወንዞቹ አፍ ላይ ተዘረጋ። ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። የአገሪቱ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ2003፣ ከጉዳቱ በኋላ ነበር። ለአዲሶቹ አጥማጆች መረቡ ተሰጣቸው፤ መቼ መረብ እንደማይጣል ግን በጊዜ አልተነገራቸውም።

እንግዲህ ከሁለቱ ታሪኮች የምንረዳው፣ ሐይቅን የሚያራቁተው የተማረ ተወዳዳሪ ሳይሆን ግማሹን ብቻ የተማረ መሆኑን ነው። እኛም ናይሮቢ ለገባ ወንድም ወይም እኅት ክፍት የሥራ ቦታ መኖሩን ብቻ ነግረን የምናሰናብት ከሆነ መረብ ሰጠን እንጂ አላስተማርንም። የመኖሪያ ፈቃድ እንዴት እንደሚታደስ፣ የቤት ኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት ምን መነበብ እንዳለበት፣ የትኛውን ደላላ አለማመን እንደሚሻል ጭምር እንንገር። ከመካከላችን ብዙ የሚያውቁት ታላላቆቻችን አንድ ቀን ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አገር ቤት መመለሳቸው አይቀርም። ያልነገሩን ሁሉ አብሯቸው ይሄዳል። ልጆቻችንም የሚወርሱት እኛ የተውንላቸውን ነውና፣ ያወቀ ላላወቀ ሳይዘገይ ያካፍል።