ኸልዋ፦ ከሰው ርቆ ወደ ሰው መመለስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ኮሚቴው ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲጠይቀኝ ኸልዋን መረጥሁ። ምክንያቱ የራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ወንድማችን ከመስጊድ ቀረ፤ በሩንም ዘጋ። ሰዎች ሲጠይቁኝ "ኸልዋ ገብቷል፤ ተዉት" አልሁ። እርሱ ግን ታሞ ነበር። እናቱ እያለቀሱ መጥተው እስኪነግሩኝ ድረስ በሩን አላንኳኳሁም። ከዚያ በኋላ ኸልዋ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ከታሪካችን ለመረዳት ኪታብ ገለጥሁ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕድሜያቸው ወደ 40 ሲቃረብ ለብቻ መሆን ተወደደላቸው። ከመካ ወጣ ብሎ በሚገኘው የኑር ተራራ፣ በሒራእ ዋሻ፣ ብዙ ሌሊቶችን በዒባዳ ያሳልፉ ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ ስንቃቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ሲያልቅ ወደ ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ተመልሰው ይሰንቃሉ። በ610 እ.ኤ.አ. ወሕይ በወረደ ጊዜም በድንጋጤ እየተንቀጠቀጡ የተመለሱት ወደ ባለቤታቸው ነው። እርሳቸውም ሸፈኗቸው፤ አጽናኗቸው፤ ወደ ዘመዳቸው ወደ ወረቃም ወሰዷቸው። በመዲና ዘመናቸውም በረመዳን የመጨረሻዎቹን 10 ቀናት ኢዕቲካፍ ይገቡ ነበር፤ ባለፉበት ዓመት 20 ቀን አደረጉት።

ሁለተኛው ምሳሌ ኢማም አል-ገዛሊ ናቸው። በ484 ዓመተ ሂጅራ (1091 እ.ኤ.አ.) በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሆነው ለ300 ያህል ተማሪዎች ያስተምሩ ጀመር። ዝናቸው በገነነ ጊዜ ግን ልባቸው ተጨነቀ። በ488 (1095) ምላሳቸው ተሳሰረና ማስተማር አቃታቸው፤ ምግብም አልወርድ አላቸው። ሐኪሞች መጥተው አዩዋቸው፤ ሕመሙ ከልብ የመነጨ ነው፣ ልብ ካላረፈ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉም ተናገሩ። እርሳቸውም ለልጆቻቸው የሚበቃውን ያህል አስቀርተው ሀብታቸውን አከፋፈሉና ወደ ሻም ሄዱ። በደማስቆ ታላቁ መስጊድ ሚናራ ላይ ወጥተው፣ በሩን ዘግተው ቀኑን ሙሉ ይቀመጡ ነበር። ከዚያም ወደ በይቱል መቅዲስ፣ ኋላም ለሐጅ ሄዱ።

የልጆቻቸው ናፍቆት ግን ወደ አገር መለሳቸው። የቤተሰብ ጉዳይና የኑሮ ጣጣ ኸልዋቸውን ያደፈርሰው እንደነበር፣ ጊዜውንም አልፎ አልፎ ብቻ ያገኙት እንደነበር ራሳቸው ጽፈዋል። ይሁን እንጂ ተስፋ አልቆረጡም። ከ11 ዓመት ያህል በኋላ፣ በ499 (1106)፣ በኒሻፑር እንደገና ለማስተማር ተቀመጡ። በታላቁ ኪታባቸው በኢሕያም ስለ መገለል ሥርዓት ራሱን የቻለ ክፍል ጽፈው፣ ጥቅሙንም ጉዳቱንም አመዛዝነዋል።

በአገራችንም፣ በተለይ በወሎ፣ ኸልዋ የሚለው ቃል ለሼኾቻችንም ለደረሶቻቸውም እንግዳ አይደለም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ኸልዋ ስንቅ አለው፣ ጊዜ አለው፣ መመለሻም አለው። ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ሰውም አለ። ዛሬ ዋሻ ፍለጋ መሄድ አይጠበቅብንም። ከፈጅር ሰላት በኋላ ፀሐይ እስክትወጣ ስልክን ዘግቶ በዚክር መቀመጥ፣ በረመዳን ኢዕቲካፍ መግባት ይቻላል። ባለ ሱቁም፣ ሾፌሩም፣ ልጆች የከበቧት እናትም ለዚህ ጊዜ መብት አላቸው። ባል ልጆቹን ይዞ ለሚስቱ ግማሽ ሰዓት ቢሰጣት ሰደቃ ነው።

ነገር ግን እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የጠላ፣ ከሰላትና ከሰው የሸሸ ወንድማችንን "ኸልዋ ገብቷል" ብለን አንተወው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለውናል። ዱዓ እናድርግለት፣ ሐኪም ዘንድም እናድርሰው፤ ከሁሉ በፊት ግን በሩን እናንኳኳ።

ያ ወንድማችን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ታክሞ ተሽሎታል፤ ዛሬ ከእኛው ጋር ይሰግዳል። ሳየው ያላንኳኳሁት በር ትዝ ይለኛል። አላህ ይቅር ይበለን፤ ልባችንንም ያሳርፍልን። አሚን።