ዜና ስሙ ለወላይታ ሶዶ

በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠችው ከተማ ከነምድሯ በምን በምን ስም እንደተጠራች፥ የቀደመ ስሟም እንዴት እንደተመለሰ የሚናገረው ታሪክ ይህ ነው።

አስቀድሞ ወላይታ የራሱ ንጉሥ ነበረው፤ ንጉሡም ካዎ ይባል ነበር። ሕዝቡ ራሱን ወላይታ ሲል ከውጭ የሚመጣው ነጋዴና ወታደር ግን ወላሞ ይለው ነበር። ይህም ስም ለባለቤቱ የንቀት ስም ነበረና ደስ አያሰኘውም ነበር።

በካዎ ጦና ጋጋ ዘመን የሸዋ መኳንንት ጦር ደጋግሞ ሄዶ ሳይሆንለት ተመለሰ። በ1887 ዓ.ም. ግን ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዘመቱ፤ የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው አባ ጅፋርም ተከተሏቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ገብር ብለው ላኩ፤ ካዎ ጦና ግን እምቢ አሉ። የወላይታ ሰው ጉድባ ቆፍሮ፥ ካብ ክቦ ጠበቀ። ጦር በጠመንጃ ፊት አልቆመምና እልቂቱ እጅግ ጽኑ ሆነ፤ ከብቱ ተነዳ፥ ሰውም ተማረከ። ካዎ ጦና ቆስለው ተያዙ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። በንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር ውስጥ የነበረ ቫንደርሃይም የሚባል የፈረንሳይ ነጋዴም ያየውን ለአገሩ ሰዎች ጽፎ አሳተመ።

ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥቱን ዜና ሲጽፉ አገሩን ወላሞ ብለው ጻፉት። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤውም፥ የግብር መዝገቡም፥ ካርታውም በዚያው ስም ሄደ። ከተማዪቱም በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር የአውራጃ ከተማ በሆነች ጊዜ ወላሞ ሶዶ ተባለች። በ1920 ዓ.ም. ከዶክተር ቶማስ ላምቢ ጋር የመጡት የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ሰባኪዎች በሶዶ ዳር ኦቶና ላይ ሰፈሩ፤ እነርሱም ወደ አገራቸው ሲጽፉ ወላሞ አሉ። ባለቤቱን የጠየቀ አልነበረም።

ደግሞም በ1962 ዓ.ም. ግድም በዓለም ባንክ ብድር የወላሞ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ ለገበሬውም ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያድል ጀመር። ስሙ በፈረንጅ ፊደል ሲያጥር ዋዱ ሆነ። አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ፈንድቶ ዘውዱ ከወረደ በኋላ ወላሞ የሚለው ስም ከመንግሥት ጽሕፈት ወጣ፤ ወላይታ ገባ። ዋዱ ግን አጭር ስሙን ሳይቀይር ኖረ፤ የሁለቱም ስም መነሻ ፊደል አንድ ነበርና።

ከዚህም በኋላ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ነገሠ። ወላይታም ከጋሞ፥ ከጎፋና ከዳውሮ ጋር በአንድ ዞን ተጠቃለለ፤ የዞኑም ስም ሰሜን ኦሞ፥ ከተማውም አርባ ምንጭ ሆነ። ሹማምንቱም የአራቱ ሕዝብ ቋንቋ አንድ ነው ብለው ከአራቱ ስም ፊደል ፊደል ለቅመው ወጋጎዳ የሚል ስም አወጡ፤ በዚህም ቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ አሳትመው ወደ ትምህርት ቤት ላኩ። ያን ጊዜ መምህሩና ተማሪው እናቶቻችን የማይናገሩትን አንማርም ብለው ተነሡ። በ1992 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሶዶ ታወከች፤ ሰው ሞተ፥ ብዙዎችም ታሰሩ። በመጨረሻም መጽሐፉ ተሰበሰበ። ብዙም ሳይቆይ ሰሜን ኦሞ ፈረሰ፤ ወላይታም ራሱን የቻለ ዞን፥ ሶዶም መዲናው ሆነች። በ1967 ግድም በሰላም የተመለሰው ስም በ1992 ደም ተከፈለበት።

በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ወላይታ ድቻ የሚባለው የእግር ኳስ ቡድን የግብጹን ዛማሌክን በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አስወጣ፤ የወላይታም ስም በካይሮ ተሰማ። በ2015 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ተደረገች።

አሁንም ስሙ ስለሚነገርበት መንገድ ጥቂት እንበል። የአገሩ ሰው ሶዶ ብሎ ያበቃል፤ በሐዋሳ መናኸሪያ ረዳቱ ሶዶ ሶዶ እያለ ሲጣራ ወዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ግን ገና መንገዱን ሳያጋምስ ሌላ ሶዶ ያገኛል፤ ይኸውም የጢያ ትክል ድንጋይ የቆመበት፥ ቡኢ የምትገኝበት የክስታኔ ጉራጌ ሶዶ ነው። ያንን አልፎ፥ ሆሳዕናንና አረካን ተሻግሮ ነው ከወላይታው የሚደርሰው። ከከተማዪቱ ውጭ ያለው የገጠር ወረዳም ሶዶ ዙሪያ ይባላል፤ ስለዚህ ሶዶ ነኝ የሚል ሁሉ የከተማ ሰው አይደለም።

ይህን ያነበብህ ሁሉ፥ ደብዳቤ ስትጽፍም ሆነ ካርታ ስትሥል ወላይታ ሶዶ ብለህ ሙሉውን ጻፍ። የቀድሞውን መጽሐፍ ስታነብ ወላሞ የሚለውን ብታገኝ አትፋቀው፤ ታሪክ ነውና። በአንደበትህ ግን አትድገመው፤ ባለቤቱ ያልወደደው ስም ስም አይደለምና።