የነሐሱ ሰውና የመጀመሪያዋ መርፌ

መርፌን የማይፈራ ማን አለ? ሕፃን በእናቱ ጉያ ሆኖ ያለቅሳል፤ ጎልማሳውም እጅጌውን እየሰበሰበ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ስለዚህ አኩፓንክቸር ወደሚባለው የቻይና የመርፌ ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም። የጥበቡ ባለቤቶችም ይህን ሥጋት ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1027 ዋንግ ዌዪ የተባለ የሶንግ ሥርወ መንግሥት ሐኪም፣ በንጉሠ ነገሥቱ በሬንዞንግ ትእዛዝ፣ በሰው ቁመት ልክ ሁለት የነሐስ ምስሎች አሠራ። በገላቸው ላይ 354 የመርፌ ቦታዎች በየስማቸው ተለይተው ነበር። ተማሪው ሲፈተን ምስሉ በሰም ይለበጥና ውስጡ ውኃ ይሞላል፤ መርፌው ቦታውን ካገኘ ውኃው ይፈልቃል፣ ከሳተ ግን ነሐሱን መትቶ ይመለሳል እየተባለ ሲተረክ ኖሯል። ስሕተት ሕያው ሥጋ ላይ ከሚያርፍ ነሐስ ላይ ይረፍ ማለት ነው።

ዛሬም ቢሆን አዲስ ታካሚ መርፌ ከማየቱ በፊት ጥያቄ ይጠብቀዋል። የቻይና ሊቃውንት ምርመራን በአራት ከፍለውታል፤ ማየት፣ ማድመጥና ማሽተት፣ መጠየቅ፣ መዳሰስ። በመሆኑም ወገቤን አመመኝ ብሎ የሄደ ሰው ስለ እንቅልፉና ስለ ምግቡ ቢጠየቅ፣ ምላሱን እንዲያወጣ ቢታዘዝ፣ የሁለቱም እጆቹ የደም ትርታ በሦስት ጣት ቢደመጥ አይደነቅ። እርሱም በበኩሉ እርግዝና ካለ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም ልብ ላይ የተተከለ መሣሪያ ያለው ከሆነ ሳይጠየቅ መናገር ይገባዋል።

መርፌዋ እንደ ክትባት መርፌ ውስጧ ክፍት አይደለም፤ እጅግ ቀጭን ናት፣ መድኃኒትም አትረጭም። ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የምታገለግል፣ ከታሸገ መያዣ የምትወጣ መሆን አለባት። ብዙዎች በትንሽ ቱቦ ውስጥ አሳልፈው መታ በማድረግ ይተክሏታል፤ ሕመም የሚቀንሰው ይህ የቱቦ ብልሃት በ17ኛው መቶ ዘመን ከነበረው ጃፓናዊ ዓይነ ስውር ሐኪም ከሱጊያማ ዋይቺ ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። መርፌዋ ከገባች በኋላ የመክበድ፣ የመደንዘዝ ወይም የመንዘር ስሜት ይመጣል፤ ቻይናውያን ‹‹ዴ ቺ›› ይሉታል። ከዚያ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ጋደም ብሎ መቆየት ነው።

ይህን ልምድ ለምዕራቡ ዓለም ካስተዋወቁት አንዱ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጄምስ ሬስተን ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1971 ፔኪንግ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ታመመና በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከዚያ በኋላ ሆዱ ተነፍቶ ሲያስጨንቀው፣ በፈቃዱ ክርኑና ከጉልበቱ በታች መርፌ ተተከለለት፤ ሆዱም አጠገብ ዕፅ ተለኩሶ ሙቀት ተሰጠው። የመርፌው ሕመም ቢያንስ የሆዱን ጭንቅ እንዳስረሳው በቀልድ ጽፏል፤ ጭንቁም አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቀለለት። ጽሑፉ በኒው ዮርክ ታይምስ ከወጣ በኋላ ግን ወሬው እየተለወጠ ሄዶ፣ ሰውየው ያለ ማደንዘዣ በመርፌ ብቻ ተቀደደ እስከ መባል ደረሰ። እርሱ የጻፈው እንዲህ አልነበረም፤ ቀዶ ሕክምናው የተደረገለት በተለመደው የማደንዘዣ መድኃኒት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ያለ አይመስለኝም። ቢላዋው ደዌውን ነቀለ፤ መርፌዋ ጭንቁን አቀለለች። በዘመናችን የተደረጉ ጥናቶችም ለአንዳንድ ሥር የሰደደ ሕመም መጠነኛ እፎይታ እንደምትሰጥ ያሳያሉ፤ የማስመሰያ መርፌ እንኳ ብዙ ጊዜ የተቀራረበ ውጤት ማሳየቱ ግን እስካሁን ያከራክራል። ስለዚህ ታካሚው ተስፋውን ይዞ ይሂድ፤ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ግን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። ሁሉን እፈውሳለሁ የሚል ካጋጠመውም መርፌው ሳይተከል ይነሣ። የነሐሱ ሰው ስሕተትን ዝም ብሎ ይቀበል ነበር፤ ሕያው ሰው ግን መጠየቅም፣ እምቢ ማለትም ይችላል።