ስለ ምድር ባቡር ሠራተኞች መሪዎችና ስለ ጡረታቸው

አንባቢ ሆይ፤ «ጡረታ» የሚለው ቃል ጦረ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ይኸውም በግእዝ ጾረ ነው፤ ትርጓሜውም ተሸከመ ማለት ነው። ልጅ አባቱን በእርጅናው ሲመግብ ጧሪ ይባላል፤ በሕፃንነቱ የተሸከሙትን እርሱ በተራው ይሸከማልና። እንግዲህ ጡረታ ምጽዋት አይደለም፤ ለሌላው የተሸከመ ሰው የሚቀበለው ብድራት ነው እንጂ። ይህን ማንሣታችን የምድር ባቡር ሠራተኞችን ማኅበር ሲመሩ ኖረው፣ ዕድሜያቸው ደርሶ ሥራቸውን ለሚለቁ ሰዎች ምን ዓይነት ክብር እንደሚገባ ለመናገር ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ለስዊሱ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ በውል የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ። የፊተኛው ኩባንያ ከከሰረ በኋላም ሌላ ተተክቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የመንገዱም ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበረ። የንጉሠ ነገሥቱንና የሙሴ ኢልግን ስም ሁላችን እናውቃለን፤ በዚያ በረሃ ድንጋይ የፈለጠውን፣ ብረት ያነጠፈውን ሠራተኛ ስም ግን የሚያውቅ የለም።

የባቡር ሠራተኞች ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ መጨረሻ በማኅበር ከተሰበሰቡት ከመጀመሪያዎቹ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የሚጠብቃቸው የሥራ ሕግ ስላልነበረ፣ በድሬዳዋ ሥራ ባቆሙ ጊዜ በኃይል ተቀጡ። ከዚህ በኋላ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በማኅበር የመሰብሰብን መብት ጠቀሰ፤ በ1954 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ድንጋጌ ወጣ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች የወጡት አቶ አበራ ገሙ ነበሩ።

የወላይታ ሰው ይህ ነገር የሩቅ ነው አይበል። ካዎ ጦና በጦርነት ተማርከው ወላይታ በምኒልክ መንግሥት ሥር የገባችው በ1887 ዓ.ም. ነው፤ የባቡሩ ውል በተፈረመ በማግሥቱ ዓመት መሆኑ ነው። ሐዲዱ እስከ ዛሬ ወደ ሶዶ አልደረሰም፤ የወላይታ ልጆች ግን መሬቱ በጠበባቸው ጊዜ ከከምባታና ከሐድያ ወንድሞቻቸው ጋራ ወደ አዋሽ ሸለቆ ወርደው በወንጂ አገዳ ቈረጡ። ስለዚህ የሠራተኛው ማኅበር ታሪክ የእነርሱም ታሪክ ነው።

ማኅበር መምራትም ቀላል ሸክም አልነበረም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ በአቶ በየነ ሰሎሞን ፕሬዚዳንትነት ዘመን በአገሩ ሁሉ ሥራ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ዘመን ግን መሪዎችን በላ። የቀድሞው ማኅበር ሊቀ መንበር ማርቆስ ሐጎስና ደርግ በምትኩ ያቆመው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበር ሊቀ መንበር ቴዎድሮስ በቀለ በ1969 ዓ.ም. ተገደሉ። ሁለቱ በተለያየ ወገን የቆሙ ሲሆኑ ፍጻሜያቸው አንድ ሆነ፤ ሁለቱም ለጡረታ አልበቁም።

የጡረታው ሕግ ራሱ የዘገየ ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች በ1950ዎቹ ሲደነገግ፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ዐዋጁ የወጣላቸው በ2003 ዓ.ም. ነው። አሁን ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፣ አሠሪውም ከመቶ 11 ያዋጣል። ይህ የተገኘው ብዙዎች ጠይቀው፣ ብዙዎችም ሳያዩት ካለፉ በኋላ መሆኑን መርሳት አይገባም።

እንግዲህ አንድ የባቡር ሠራተኞች መሪ በሰላም ጡረታ ሲወጣ ማየት ትንሽ ነገር አይደለም። ካባ ማልበስና ማመስገን መልካም ነው። ነገር ግን ክብር ያለ ምርመራ አይሰጥም፤ ለአሠሪው አጎንብሶ ወንድሞቹን የረሳ መሪ እንዳለ ሁሉ፣ ስለ ወንድሞቹ እንጀራውን ያጣ አለና። ይህን ለይቶ የሚያሳይ የተጻፈ ታሪክ ብቻ ነው። ካባው ያልቃል፤ ጭብጨባውም በዚያው ቀን ይረሳል። ስለዚህ ሽማግሌው በሕይወት ሳለ ተቀምጠን እንጠይቀው፤ ማን ከማን ጋራ እንደ ቆመ፣ ማን እንደ ታሠረ፣ ማን እንደ ተባረረ ይንገረን፤ እኛም እንጻፍ። ድንጋይ ፈላጮቹን ያለ ስም ቀብረናል፤ ስለ ሠራተኛው የተናገሩትን ደግሞ እንዲሁ ብንቀብር ጥፋቱ የእኛ ነው። ጧሪ መሆን ማለት የሰውን ሥጋ መመገብ ብቻ ሳይሆን ስሙንም መሸከም ነው።